ወደ ጆርናል የሚላክ ጥናት የሚበላሸው ከመጻፉ በፊት ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍሎች አንድ አባባል ተደጋግሞ ይሰማል፦ «ጽሑፋችንን የመለሱት እንግሊዝኛችን ስላልጣማቸው ነው፤ አለዚያም የመጣበትን አገር አይተው ነው።» አድልዎ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም ብዬ አልከራከርም። ሆኖም ከኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ (ትኩረትን፣ ትውስታንና አስተሳሰብን የሚያጠናው የሥነ ልቦና ዘርፍ) ጆርናሎች፣ ማለትም የጥናት መጽሔቶች፣ ለገምጋሚ እንኳ ሳይደርሱ የሚመለሱ ጽሑፎች ጉድለታቸው በአብዛኛው የቋንቋ አራሚ የሚያቃናው አይደለም። ተሳታፊው ያነሰ፣ ቃላቱ ሳይመዘኑ የተመረጡ፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ሥራው ካለቀ በኋላ የተጠየቀ ጥናት በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ያው ነው። እነዚህን ማስተካከል የሚቻለው የመጀመሪያው ተሳታፊ ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች፣ አማካሪዎቻቸውም ጭምር፣ ጆርናሉን ማሰብ የሚጀምሩት ንድፉን በሚያወጡበት ቀን እንዲሆን ለመጠየቅ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

«የት ልላከው?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። ጆርናሎቹ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ የሚፈልጉት አንድ አይደለም። ከ1970 ጀምሮ የሚወጣው «ኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ» በርካታ ሙከራዎችን አያይዞ አንድን የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ እስከ ጥግ የሚገፋ ረጅም ጽሑፍ ነው የሚያስተናግደው፤ ባለ አንድ ሙከራ ጥናት እዚያ መላክ ሳምንታትን ማባከን ነው። «ሜሞሪ ኤንድ ኮግኒሽን» ስለ ትውስታ፣ ስለ ቋንቋና ስለ አመክንዮ የተሠሩ ሙከራዎችን ይቀበላል። አዲስ መለኪያ፣ የቃላት ድግግሞሽ ቋት ወይም ሶፍትዌር የሠራ ሰው መድረሻው «ቢሄቪየር ሪሰርች ሜተድስ» ነው። በሁሉም ዘንድ ግን አእምሮ ሲሠራ የተለካ ነገር መኖር አለበት፤ የምላሽ ፍጥነት በሚሊሰከንድ፣ የትክክለኛ መልስ መጠን፣ የዓይን እንቅስቃሴና የመሳሰለው። ስለ ትውስታቸው ምን እንደሚያስቡ ለ300 ተማሪዎች መጠይቅ የበተነ ጥናት የራሱ ዋጋ ሊኖረው ይችላል፤ ቦታው ግን የትምህርት ወይም የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ጆርናል ነው። ምርጫው ልክ መሆኑን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የጆርናሉን የቅርብ ሁለት ዓመት እትሞች መቃኘት ነው። በራሳችን የዋቢ ዝርዝር ውስጥ ከዚያ ጆርናል የመጣ ሦስት አራት ጽሑፍ ከሌለ ቦታውን መሳታችን አይቀርም።

ብዙ ጥናት የሚወድቀው ቁጥር ላይ ነው። በመመረቂያ ጽሑፎቻችን የናሙና መጠን ሲወሰን፣ ከጠቅላላው ሕዝብ ብዛት ተነሥቶ የናሙናውን ልክ የሚያሰላው የያማኔ ቀመር ያለ ጥያቄ ይገባል። ቀመሩ የተሠራው «ከዚህ ሕዝብ ውስጥ ስንት ከመቶው እንዲህ ያስባል?» ለሚል የዳሰሳ ጥናት ነው። ሙከራ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ የምንፈልገው ልዩነት በእርግጥ ካለ፣ በዚህ የሰው ብዛት የማየት ዕድላችን ምን ያህል ነው? ቀመሩ ለዚህ መልስ የለውም። ገምጋሚው በዘዴው ክፍል ውስጥ ሲያገኘው ጸሐፊው ሁለቱን ጥያቄዎች እንዳልለየ ወዲያው ይረዳል። በመስኩ እንደ መነሻ የሚወሰደው የውጤት መጠን፣ ማለትም የልዩነቱ ስፋት፣ በኮኸን ዲ (የአማካዮቹ ልዩነት ለመደበኛ ልይይት ተካፍሎ) ሲለካ 0.4 አካባቢ ነው። ይህን ልዩነት በ80 ከመቶ ዕድል ለማየት፣ እያንዳንዱ ሰው ሁለቱንም ሁኔታዎች የሚሠራበት ንድፍ 52 ያህል ተሳታፊ ይፈልጋል። ሰዎቹ በሁለት ቡድን ከተከፈሉ ግን በየቡድኑ 100 ያህል ያስፈልጋል። በየቡድኑ 20 ተማሪ ብቻ ይዞ የተነሣ ሰው ያንኑ ልዩነት የማየት ዕድሉ ከአራት አንድ እንኳ አይሞላም። ተሳታፊ ማግኘት የሚቸግረው ትምህርት ክፍል ንድፉን ወደ መጀመሪያው ዓይነት ቢያዞር ይሻለዋል።

የሰው ብዛት ብቻውን ግን አይበቃም። ለምላሽ ፍጥነት ጥናቶች ብሪስባርትና ስቲቨንስ በ2018 ያቀረቡት ልክ በእያንዳንዱ ሁኔታ 1,600 ምልከታ ነው፤ ማለትም ለምሳሌ 40 ሰው ለ40 ቃል። በ12 ቃል የተሠራ ሙከራ የሚነግረን ስለ 12ቱ ቃላት ነው፤ ስለ አማርኛ አይደለም። ኸርበርት ክላርክ በ1973 ያነሣው ነጥብ ይኸው ነበር፦ ተሳታፊዎቹ ከሰዎች መካከል የተወሰዱ ናሙና እንደሆኑ ሁሉ ቃላቱም ከቋንቋው የተወሰዱ ናሙና ናቸው። ስለዚህ በቃላት ለሚሠራ ጥናት የየሰውን አማካይ ብቻ ወስዶ ቲ ቴስት (ሁለት አማካዮችን የሚያነጻጽር ስሌት) መሥራት ገምጋሚን አያሳልፍም። የሚጠበቀው ተሳታፊንም ቃልንም አንድ ላይ የሚይዝ ሚክስድ ኢፌክትስ ሞዴል ነው። በነፃ የሚገኘው «አር» የተባለ የስታትስቲክስ ፕሮግራም «ኤልኤምኢ ፎር» በተባለው ጥቅሉ ይሠራዋል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ የአማርኛ ቃላት ዝግጅት ነው። የእንግሊዝኛ ሙከራ ቃላትን ተርጉሞ ማስገባት ሥራውን ከጅምሩ ያበላሸዋል፤ በእንግሊዝኛ በርዝመትና በድግግሞሽ ተመጣጥነው የተመረጡ ቃላት ሲተረጎሙ ሚዛናቸውን ይዘው አይመጡም። ስትሩፕ በ1935 ያሳተመውን የቀለም ስም ሙከራ እንውሰድ፤ የቀለም ስም በሌላ ቀለም ተጽፎ ይቀርባል፣ ተሳታፊውም ቃሉን ሳይሆን የተጻፈበትን ቀለም ይጠራል። «ቀይ» እና «ቢጫ» ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው፤ «ሰማያዊ» አራት፣ «አረንጓዴ» አምስት። የተገኘው የፍጥነት ልዩነት ከትኩረት ይምጣ ከቃሉ ርዝመት መለየት አይቻልም። መልሱ በድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ድምፅ ሲሰማ ሰዓቱን የሚያቆመው መሣሪያ ፈንድቶ የሚወጣውን «ቀ» ቶሎ፣ እንደ ንፋስ የሚጀምረውን «ሰ» ዘግይቶ ይይዛል። መድኃኒቱ እያንዳንዱን ቃል በእያንዳንዱ ቀለም እኩል ጊዜ ማሳየት፣ ድምፁን ቀርጾ መነሻውን በሞገዱ ላይ አይቶ ማረም፣ ይህንንም በጽሑፉ ውስጥ መግለጽ ነው።

ሞክሼ ፊደላቱም አሉ። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ብቻ በሁለቱ የ«ፀ» ድምፅ ፊደሎችና «ሃ» ተብለው በሚነበቡት ስድስቱ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ቢያንስ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል። የቃል ድግግሞሽ ከጋዜጣ ወይም ከድረ ገጽ ሲቆጠር ሞክሼዎቹ አስቀድመው ወደ አንድ ካልተመለሱ፣ በየቀኑ የምናነበው ቃል ብርቅ ሆኖ ይመዘገባል። «ቤት»፣ «ቤቱ»፣ «በቤታቸው»፣ «ከቤታችንም» አንድ ቃል ናቸው ወይስ አራት? ሁለቱም አቆጣጠር ያስኬዳል፤ የተመረጠው ግን በዘዴው ክፍል መጻፍ አለበት። ተሳታፊው የታየው ጽሑፍ ቃል ነው ወይም አይደለም ብሎ ቁልፍ በሚጫንበት ሙከራ ደግሞ ትርጉም የለሽ ቃላትን በአናባቢ ለውጥ መፍጠር የተለመደ ስህተት ነው። አማርኛ ቃል የሚያረባው በአናባቢ ነውና ከ«ሰበረ» ተነሥተን አናባቢውን ብናዞር «ሰባሪ»፣ «ስብር» እያለ ከእውነተኛ ቃል ላይ እናርፋለን። መቀየር ያለበት የሥሩ ተነባቢ ነው። የተገኘውንም ዝርዝር በሙከራው የማይሳተፉ አሥር ያህል ሰዎች አይተው «ይሄማ በእኛ አገር ቃል ነው» የሚሉትን ያውጡ፤ ጎጃም የማይታወቅ ቃል ወሎ ሊታወቅ ይችላል።

መጥበቅና መላላት በጽሑፍ አለመታየቱ ደግሞ ችግርም ሀብትም ነው። «ገና»፣ «ዋና»፣ «አለ» ሲጠብቁና ሲላሉ ትርጉማቸው ሌላ ነው። ሳይታሰብባቸው ከዝርዝር ከገቡ ውጤት ያምሳሉ። ሆን ተብለው ሲመረጡ ግን አንባቢ ያልተጻፈን ድምፅ ከዐውዱ እንዴት እንደሚሞላ ይፈተንባቸዋል፤ ይህ ለትልልቆቹ ጆርናሎች ሊቀርብ የሚችል ጥያቄ ነው። ጄፍሪ አርኔት በ2008 ባሳተመው ቆጠራ በዋና ዋናዎቹ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ጆርናሎች ከተጠኑት ሰዎች 96 ከመቶው የምዕራባውያን ኢንዱስትሪ አገሮች ሰዎች ነበሩ፤ እነዚህ አገሮች ግን ከዓለም ሕዝብ 12 ከመቶ ያህሉን ነው የያዙት። አርታኢዎች ይህን ያውቃሉ፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ናሙናም ይፈልጋሉ። ይሁንና «በኢትዮጵያ ከዚህ በፊት አልተሠራም» የሚለው ምክንያት ብቻውን አያቆምም። አማርኛ ስለሆነ ብቻ ሊመለስ የቻለው ጥያቄ የቱ እንደሆነ በመግቢያው ሁለተኛ አንቀጽ ላይ መታየት አለበት።

ትውስታ የሚለካበት ቁጥር ሰምቶ የመድገም ፈተናም በዚሁ ዓይን ይታይ። ኤሊስና ሄነሊ በ1980 እንዳሳዩት በዌልስኛ ቁጥር ለመጥራት ከእንግሊዝኛው የበለጠ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች በዌልስኛ የሚይዙት ቁጥር ያንሳል። በእንግሊዝኛ ከ1 እስከ 9 ካሉት ቁጥሮች ባለ ሁለት ክፍለ ቃል የሆነው 7 ብቻ ነው፤ በአማርኛ ከ«አንድ» እና ከ«ሦስት» በቀር ሌሎቹ ሁለት ሁለት ናቸው። የኢትዮጵያ ልጆችን ውጤት ከአሜሪካ ሰንጠረዥ ጋር አስተያይቶ «ትውስታቸው ዝቅተኛ ነው» የሚል ድምዳሜ ለሳይንሱም ለልጆቹም በደል ነው። መደረግ የነበረበት ቀላል ነው፤ ተሳታፊው ከ1 እስከ 9 በፍጥነት የሚቆጥርበትን ጊዜ አብሮ መለካት።

ከመሣሪያው በኩል ጥቂት ነገር ልጨምር። በ60 ኸርዝ የሚሠራ ስክሪን ምስል የሚቀይረው በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ነው፤ ስለዚህ «ቃሉ ለ40 ሚሊሰከንድ ታየ» ብሎ የጻፈ ሰው ስክሪኑ የማይችለውን ነው የጻፈው፤ የሚቻለው 33 ወይም 50 ነው። ሙከራውን በኮምፒውተር የሚያቀርቡት «ሳይኮፓይ» እና «ጄኤስ ሳይክ» የተባሉ ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ ገምጋሚዎችም ያውቋቸዋል። የግዕዝ ቅርጸ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ቃላቱ ባዶ ሣጥን ሆነው ስለሚታዩ ፊደሉን ከሙከራው ፋይል ጋር ማያያዝ ወይም ቃላቱን በምስል ማቅረብ ያስፈልጋል። መረጃው ከኤክሴል ሲኤስቪ ወደተባለው የፋይል ዓይነት ሲቀየር ዩቲኤፍ 8 የሚለው የፊደል አመዘጋገብ ካልተመረጠ ፊደላችን ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ዕድሜም ይፈተሽ። ተሳታፊው የልደቱን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ጽፎ ተመራማሪው ከአውሮፓው ዓመት ከቀነሰ፣ የ20 ዓመቱ ተማሪ 27 ወይም 28 ሆኖ ይታተማል። ስለ እንቅልፍና ስለ ንቃት በሚሠሩ ጥናቶች «ሁለት ሰዓት» የትኛው ሁለት ሰዓት እንደሆነ ካልተለወጠም ውጤቱ ሁሉ ይገለበጣል።

የሥነ ምግባር ፈቃድ ወደ ኋላ አይሠራም። ጆርናሉ የኮሚቴውን ስም፣ የፈቃዱን ቁጥርና ቀን ይጠይቃል፤ ቀኑ መረጃው ከተሰበሰበበት ቀን መቅደም አለበት። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የጻፈው የትብብር ደብዳቤ ይህን አይተካም። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሌላ የተሳታፊው ቋንቋ በሚዘጋጀው የፈቃደኝነት ቅጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አይረሳ፦ ስም የሌለበት መረጃ ለሌሎች ተመራማሪዎች ክፍት እንደሚሆን። ይህ ባለመጻፉ፣ መረጃ እንዲከፈት የሚጠይቅ ጆርናል ዘንድ ጥሩ ሥራ ይዞ የሚቸገር ጸሐፊ ብዙ ነው።

መላምቱንና የትንተናውን ዕቅድ መረጃ ሳይሰበሰብ «ኦኤስኤፍ» በተባለው ነፃ መድረክ ላይ በቀን ማስመዝገብ ዛሬ የተለመደ ነው። ምክንያቱ አለው። በ2015 «ሳይንስ» ላይ በወጣው ሥራ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶች እንደገና ሲሠሩ ጉልህ ውጤት የተገኘው በ36 ከመቶው ብቻ ነበር፤ ከኮግኒቲቭ ጥናቶቹ ግን ግማሽ ያህሉ ተደግመዋል። ስለዚህ ከ200 ሚሊሰከንድ በታች የሆነ ምላሽ ከትንተናው ይወጣል፣ ከ75 ከመቶ በታች ትክክል የመለሰ ተሳታፊም ይወጣል የሚሉ ውሳኔዎች ውጤቱ ከታየ በኋላ የተወሰኑ ከመሰሉ ገምጋሚው አያምንም። ቁጥሮቹ ራሳቸው እርስ በርስ መስማማት አለባቸው። በ2016 በታተመ የኑይተንና የባልደረቦቿ ጥናት ከስምንት ዋና ዋና የሥነ ልቦና ጆርናሎች ከተፈተሹት ጽሑፎች ግማሽ ያህሉ ከሌሎቹ ቁጥሮች ጋር የማይገጥም ቢያንስ አንድ የፒ ዋጋ (ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት የመገኘት ዕድል) ነበረባቸው። «ስታትቼክ» የተባለው ነፃ መሣሪያ ይህን በደቂቃ ያወጣል፤ አርታኢው ሳያየው ጸሐፊው ቢያየው ይሻላል። 52 ሰው፣ የቲ ዋጋ 2.41፣ ዲግሪስ ኦፍ ፍሪደም (እዚህ የሰው ብዛት ሲቀነስ አንድ) 51 ከሆነ፣ ፒ 0.020፣ የኮኸን ዲ 0.33 መሆን አለበት፤ «ፒ ከ0.05 ያነሰ» ብሎ ማለፍ አይበቃም።

የመመረቂያ ጽሑፍ ተቆራርጦ ጆርናል አይሆንም። «የጥናቱ ጠቀሜታ»፣ «የጥናቱ ወሰን»፣ «የቃላት ፍቺ» የሚሉት ክፍሎች በጆርናል ጽሑፍ ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ስድሳ ገጽ የነበረው የቀደምት ጥናቶች ቅኝት ወደ አራት አምስት ገጽ መውረድ አለበት። «በእገሌ ዩኒቨርሲቲ ማሳያነት» የሚለው የርዕስ ጭራም ይቆረጥ፤ ርዕሱ የተገኘውን ነገር ይናገር፤ ተሳታፊዎቹ እነማን እንደሆኑ በአጽሕሮተ ጽሑፉና በዘዴው ክፍል በግልጽ ይጻፍ። አጽሕሮቱ ብዙ ጊዜ ከ250 ቃል እንዳይበልጥ ይፈለጋል፤ አቀራረቡም በኤፒኤ (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር) የአጻጻፍ መመሪያ 7ኛ እትም ነው።

በሚላክበት ቀን የሚያደናቅፉት ትንንሾቹ ናቸው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የለንም። የአባት ስም ወይም የአያት ስም አንዱ ተመርጦ፣ በአንድ ዓይነት የላቲን አጻጻፍ፣ በጽሑፉም ኦርኪድ በተባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥሩም ሁልጊዜ ያው ይሁን፤ አለዚያ የአንድ ሰው ሥራ በሁለት ሰው ስም ይበተናል። ጆርናሉ ገምጋሚው የጸሐፊውን ማንነት እንዳያውቅ የሚፈልግ ከሆነ ስም ከርዕስ ገጹ መነሣቱ አይበቃም፤ የዩኒቨርሲቲው ስም ከሥነ ምግባር አንቀጹ፣ የጸሐፊው ስም ከዎርድ ፋይሉ መረጃ ውስጥ ይውጣ፤ የኦኤስኤፍ ማገናኛውም ስም የማያሳየው ዓይነት ይሁን። ሸኚ ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ፦ ጥያቄው፣ የተገኘው ነገር፣ ለምን ለዚህ ጆርናል፣ ሌላ ቦታ አለመላኩ፣ ከመመረቂያ ጽሑፍ የወጣ ከሆነም ይኸው። ለሁለት ጆርናል በአንድ ጊዜ መላክ ከባድ ጥፋት ነው። አማካሪም ሆነ የክፍል ኃላፊ በጸሐፊነት የሚገባው በሠራው ሥራ ነው። ጽሑፉን ለማቃናት አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ከተጠቀሙ ይገለጽ፤ በጸሐፊነት ግን አይመዘገብም።

ገንዘብን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በምዝገባ ክፍያ የሚተዳደሩት ትልልቅ ጆርናሎች በመደበኛው መንገድ ከጸሐፊ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚያስከፍሉት ጽሑፉ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ሲመረጥ ነው። ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆኑት ብዙዎቹ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚጽፉ ነፃ ያደርጋሉ፤ ጥያቄው ግን ጽሑፉ በሚላክበት ጊዜ እንጂ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ አይቀርብም። በኢሜይል እየጋበዘ በሳምንት ውስጥ አሳትማለሁ የሚል፣ ስለ ሥነ ልቦናም ስለ ሲቪል ምህንድስናም በአንድ እትም የሚያወጣ ጆርናል ያለ ግምገማ ገንዘብ የሚሰበስብ ነው። እዚያ የወጣ ጥናት ተመልሶ ወደ ጥሩ ጆርናል ሊላክ አይችልም፤ የአንድ ተማሪ የሁለት ዓመት ድካም በዚያው ይቀራል።

ግምገማው ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ወር በኋላ፣ የገምጋሚው እያንዳንዱ አስተያየት ይገለበጥና መልሱ ከሥሩ ይጻፍ፤ የተለወጠው ክፍል ገጽና መስመር ይጠቀስ። ያልተስማማንበትን በመረጃ አስደግፈን መከላከል እንችላለን፤ ዝም ብሎ ማለፍ ግን ያስመልሳል። «ዋና ማሻሻያ» የሚል ውሳኔ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው፤ ይህን እንደ ውድቅነት ቆጥረው ጽሑፉን የሚተዉ አሉና ያሳዝናል።

ለትምህርት ክፍሎች የማቀርበው ጥያቄ አለ። ከ2013 ጀምሮ «ኮርቴክስ» በተባለው ጆርናል የተጀመረና ዛሬ ከ300 በላይ ጆርናሎች የያዙት አሠራር አለ፤ መግቢያው፣ ዘዴውና የትንተናው ዕቅድ መረጃ ሳይሰበሰብ ይገመገማል፤ ካለፈ ጥናቱ በዕቅዱ መሠረት እስከተሠራ ድረስ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ይታተማል። ከ2021 ወዲህ ይህንኑ ግምገማ ያለ ክፍያ የሚሠራ «ፒሲአይ ሬጅስተርድ ሪፖርትስ» የተባለ መድረክም ተከፍቷል። እዚህ ደብዳቤ ላይ የዘረዘርኳቸው ጉድለቶች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የሚታዩት ሊታረሙ በሚችሉበት ጊዜ ነው። የዶክትሬት ተማሪ ከመመረቁ በፊት ጽሑፍ እንዲያሳትም የሚጠይቁ ፕሮግራሞች ይህን የመጀመሪያ ዙር ተቀባይነት እንደ መስፈርቱ ማሟያ ይቁጠሩት። የምርምር ዕቅድ የሚያጸድቀው ኮሚቴም ተማሪው በአዳራሽ ሲከራከር ከሚቀርብለት ጥያቄ ጋር፣ የመረጠው ጆርናል ስም፣ የቃላቱ ዝርዝርና የናሙናው ስሌት በአንድ ገጽ ይቅረብልኝ ይበል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥነ ልቦና ጥናት ዘዴ መምህር፣ አዲስ አበባ